መጋዙ የሚሠራው የት ነው?

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ታሪክና ስለ አገር ጉዳይ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። ስለ ካርቡራቶር የጻፈ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። የአርት ተማሪ እንዲህ ያለውን ነገር ለመሐንዲሶች ቢተው ይሻለዋል የሚለን ሰውም አይጠፋም። ሆኖም በልደታ በአንድ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ሞተር መጋዝ ተፈታትቶ እስኪገጠም ድረስ አራት ቅዳሜ ቆመን ያየነውና የሰማነው፣ ከብዙ ንግግር ይልቅ ስለ ገዛ ትምህርታችን እንድናስብ አድርጎናልና፣ አንባቢ ጥቂት ታግሦ እንዲያደምጠን እንለምናለን።

መጋዙ የአጎታችን ነው። አጎታችን ስንል በአንድ ቤት ተከራይተን ከምንኖረው ከሦስታችን የአንዱ አጎት ማለታችን ነው፤ ነገር ግን ከተማ በገባ ቍጥር ቆሎና በርበሬ ሳይዝልን ስለማይመጣ፣ ሦስታችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራው የጋራ አጎት ከሆነ ቆይቷል። ሥራው ባሕር ዛፍ መቍረጥ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ከሱሉልታ ጀምሮ እስከ ሆለታ ድረስ ገበሬው ዛፉን በቁሙ ሲሸጥ፣ አጎታችን በሞተር መጋዙ ይጥለዋል፤ ቅርንጫፉንም መልምሎ እንደ ውፍረቱ ቋሚ፣ ወራጅ፣ ማገር እያለ ለይቶ ይከምራል። የሚከፈለው በቈረጠው ልክ ነው። መጋዙ ያልሠራበት ቀን እሱም ያልበላበት ቀን ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ሦስት ልጆቹም ትምህርት ቤት የሚውሉት በዚሁ መጋዝ ነው።

አዲስ አበባ የባሕር ዛፍ ባለዕዳ መሆኗን ታሪክ የሚማር ሁሉ ያውቃል። በአፄ ምኒልክ ዘመን በከተማይቱ ዙሪያ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ ባለቀ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ከአውስትራልያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ባይደርስ ኖሮ ዋና ከተማችን ዛሬ እዚህ ላትገኝ ትችል ነበር። ይህ ዛፍ በተቈረጠ ቍጥር ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቍጣል። ስለዚህ ቈራጩ ሥራ አያጣም፤ የሚያጣው የሚቈርጥበትን መሣሪያ ነው።

ያጣውም እንዲህ ሆኖ ነው። ባለፈው በጋ አጎታችን በአፋር ክልል በአሚባራ ወረዳ የምንጠራ ሥራ አገኘ። እዚያ የሚመነጠረው ባሕር ዛፍ አይደለም፤ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በረሃውን ያለማል ተብሎ ከውጭ የመጣ ሲሆን፣ ከብቱ ፍሬውን እየበላ ዘሩን ስለሚበትነው ዛሬ ሰፊ የግጦሽ መሬት ውጧል። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። አጎታችን ቀብድ ተቀበለ፤ ቀብዱንም ለልጆቹ ትምህርት ቤት ከፈለው። ከመሄዱ በፊት መጋዙን በከተማው ለሚገኝ ለአንድ ወጣት መካኒክ አሳየ። ወጣቱም ካርቡራቶሩን ጠርጎ፣ ቪቴዎቹን አስተካክሎ፣ ሞተሩ ያለ አንዳች መንተባተብ እንዲጮኽ አደረገው። አጎታችን ደስ ብሎት ከፍሎ ሄደ። በአሚባራ በሁለተኛው ቀን ሞተሩ ከወትሮው ይልቅ ቀጥኖ ጮኸና ድንገት ቀጥ አለ። የማስነሻውን ገመድ ቢስቡት አልንቀሳቀስ አለ። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተነካክሶ ነበር።

አዲስ መጋዝ መግዛት የሚታሰብ አልነበረም፤ ቀብዱን መመለስም እንዲሁ። አሠሪው የሰጠው ጊዜ አንድ ወር ነው። እንግዲህ ዕድሜው ከእኛ የሚበልጠውን ይህን መጋዝ በጆንያ ጠቅልለን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ዝቅ ብሎ ወዳለው የቆርቆሮ ቤት የወሰድነው በዚህ ምክንያት ነው። የቤቱ ባለቤት ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አባባ» ይላቸዋል። ጆንያው ተፈትቶ መጋዙ ሲወጣ፣ እኛ «ምን ሆነ?» ይላሉ ብለን ስንጠብቅ፣

«የት ነበር የሚሠራው?» አሉ።

«አሚባራ፣ አባቴ።»

«ቪቴውን ያስተካከልክበትስ?»

«እዚሁ አዲስ አበባ ነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያውስ በሽታውን ነግረኸኛል፤ የቀረን ቁስሉን ማየት ነው» አሉ።

ይህን አነጋገር ለመረዳት ለእኛ ለአርት ተማሪዎች ጥቂት ጊዜ ወሰደብን። ነገሩ እንደሚከተለው ነው። ሞተር ቤንዚንን ብቻውን አያቃጥልም፤ ለ1 ግራም ቤንዚን 15 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡራቶር ማለትም ሁለቱን በልክ የሚያገናኝ ዕቃ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ቢያህል ነው። በዚህ ስስ አየር ውስጥ ቤንዚኑ ይበዛና ሞተሩ ይጨሳል፣ ይንተባተባል። ስለዚህ ደንበኛ መካኒክ ቪቴውን አጥብቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል። የአሚባራ ሜዳ ደግሞ በወረር አጠገብ ከፍታው 740 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ከዘጠኝ ዐሥረኛ ይበልጣል። መጋዙ ደጋውን ለቅቆ ወደ ቈላ በወረደ ጊዜ አየሩ ይከብዳል፤ ቤንዚኑ ግን በተቀነሰበት ይቀራል።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። የሞተር መጋዝ እንደ አውቶሞቢል ለብቻው የተቀመጠ የሞተር ዘይት የለውም። የፒስቶኑ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ አብሮ ነው የሚገባው። ስለዚህ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ዘይትም ያንሰዋል፤ ትኵሳቱ ሲጨምር ማለስለሻው ይቀንሳል። የሚያሳዝነውም፣ እንዲህ ያለው ሞተር ሊሞት ሲቃረብ ከጤነኛው ይልቅ ጤነኛ መምሰሉ ነው። ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ድምፁ ይጠራል፣ ጭሱ ይጠፋል። የማያውቅ ሰው «ዛሬስ በረታ» ይላል።

ሽማግሌው በሽታውን ዐውቄያለሁ ቢሉም ያወቁትን ሳይመረምሩ አላመኑም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ካንዴላውን ነቅለው በብርሃን አዩት። የካንዴላ ጫፍ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ ቤንዚን አንሷል። የእኛው እንደ አመድ ነጥቶ ነበር። ቀጥሎ ማርሚታውን ፈትተው በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል ፒስቶኑን አሳዩን። በዚያ በኩል ያለው ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተጫጭሯል። ትኵሳቱ የሚበረታው በጭስ መውጫው በኩል ስለ ሆነ፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚቈስለው በዚያ ወገን ነው። ከዚያም ቀዳዳዎቹን በጎማ ደፍነው፣ በብስክሌት መንፊያ ቀስ ብለው አየር ሰጥተው፣ በየመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ ቀቡ። በአንዱ ጓርኒሲዮን ጥግ ትናንሽ አረፋ ታየ። «ይኸም ሌላው ሌባ ነው» አሉ፤ በዚያ ስንጥቅ የሚገባው አየር በማንም ሳይቈጠር ድብልቁን ያሳሳዋልና።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሲሊንደሩ ወጣ። የውስጡ ግድግዳ በክሮም የተለበጠ ነው፤ በላዩ ላይ ግን የፒስቶኑ አልሙኒየም ቀልጦ ተለጥፎበታል። እኛ ሲሊንደሩ የሞተ መስሎን ነበር። ሽማግሌው ግን አሲድ አልሙኒየሙን እንደሚበላ ያውቃሉና፣ በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠምጥመው ነጠብጣብ እያደረጉ ቀቡት። የጭሱን ቀዳዳ ጠርዝ እንዳይነካ እጅግ ይጠነቀቁ ነበር። አልሙኒየሙ እየፈላ ለቀቀ፤ ሲሊንደሩ ታጥቦ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ከሥሩ ደኅናው ግድግዳ ወጣ። ፒስቶኑ ግን የሚድን አልነበረም። መርካቶን ሁለት ቀን ዞረን ልኩ የሚስማማ ያገለገለ ፒስቶንና አዲስ ቀለበት አገኘን። ልኩን የምናውቀው ሽማግሌው በወረቀት ጽፈው ስለ ሰጡን ነው፤ ባለሱቆቹም ወረቀቱን አይተው «ይህን የጻፈ ሰው ሥራ ያውቃል» ሲሉን በሰው ዕውቀት ኰራን።

ሦስተኛው ቅዳሜ የካርቡራቶሩ ነበር፤ ለእኛም ከሁሉ የሚያስደንቀው ይኸኛው ቀን ሆነ። በጀርመን አገር አንድሬያስ ሽቲል የተባለው ሰው ድርጅቱን ያቋቋመው በ1926 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1929 በቤንዚን የሚሠራ መጋዝ አውጥቷል። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን መጋዝ ሁለት ሰው የሚይዘው ከባድ ነገር ነበር፤ ካርቡራቶሩም ቤንዚኑን በትንሽ ገንዳ እያጠራቀመ በተንሳፋፊ የሚቈጣጠር ስለ ነበር መጋዙን እንደ ልብ ማጋደም አይቻልም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ገንዳው ቀረና በምትኩ ዲያፍራም የምትባል፣ ከሳንቲም ብዙም የማትሰፋ ስስ ሽፋን ገባች። ሞተሩ ቤንዚን በሳበ ቍጥር ሽፋኗ ወደ ውስጥ ትሳባለች፤ ስትሳብ አንዲት መርፌ ከፍታ በጠፋው ምትክ ሌላ ቤንዚን ታስገባለች። ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ አታውቅም። አንድ ሰው ብቻውን መጋዙን አጋድሞ ዛፉን ከሥሩ፣ አንሥቶ ቅርንጫፉን ከላይ ለመቍረጥ የቻለው በዚህች ሽፋን ነው።

የአጎታችን ካርቡራቶር ሽፋን በጣት ሲነኳት እንደ ደረቀ ቅጠል ትንኰሻኰሽ ነበር። ሽፋን ሲደርቅ በሚገባ አይታጠፍም፤ መርፌውም ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ዕድሜ ብቻውን ያደርቃታል፤ አልኮል የገባበት ቤንዚንም አሮጌውን ጎማ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥ የነበረበት ጊዜ ነበር። ኤታኖሉ ከስኳር ፋብሪካዎቻችን ተረፈ ምርት የሚወጣ ነው፤ ለአገር የውጭ ምንዛሪ ያተርፋል ተብሎ የተደረገ መልካም አሳብ ነበር። ሽማግሌው ግን በእነዚያ ዓመታት በአሮጌ መጋዞች ውስጥ የደረቀ ሽፋን እየበዛ እንደ መጣባቸው ነገሩን። ሽፋኗ ተለወጠች፤ የመርፌዋ ሞላና ትንሿ ወንፊት ተጠረጉ፤ በሰርባቶዮው ውስጥ ያለው የቤንዚን ፊልትሮም ተለወጠ።

በዚያው ዕለት ይህን የከፍታ ነገር ከማን እንደ ተማሩ ጠየቅናቸው። በልጅነታቸው ያሠለጠናቸው ሰው በዚሁ በልደታ በነበረው አውሮፕላን ማረፊያ የሞተር ክፍል ይሠራ እንደ ነበር ነገሩን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ወደ ቦሌ እስኪዛወር ድረስ፣ አውሮፕላኖቹ ከዚህ ሰፈር ነበር የሚነሡት። በዚያ ዘመን የነበሩት ባለፒስቶን አውሮፕላኖች ሞተር እንደ መጋዛችን ሞተር አየርና ቤንዚን በልክ ይሻል። ስለዚህ አብራሪው ከፍ ባለ ቍጥር ቤንዚኑን የሚቀንስበት፣ ዝቅ ሲልም የሚመልስበት አንድ ዘንግ በእጁ ነበረው። «አብራሪው ዘንግ አለው፤ እንጨት ቈራጩ ያለው ቪቴ ብቻ ነው፤ ቪቴው ለምን እንደ ሆነ የሚነግረው ግን የለም» አሉ ሽማግሌው።

በአራተኛው ቅዳሜ ሞተሩ ተነሣ። በካርቡራቶሩ ጎን ላይ «ኤል» እና «ኤች» የሚባሉ ሁለት ቪቴዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ለዝቅተኛ፣ ሁለተኛው ለከፍተኛ ፍጥነት ነው። ሽማግሌው «ኤች» የተባለውን በካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት እያዞሩ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሞተሩ ባዶውን በሙሉ ኀይሉ ሲዞር ድምፁ ጥቂት ሻካራ መሆን አለበት፤ ሰንሰለቱ ወደ ግንዱ ሲገባ ያ ሻካራነት ይጠራል። ባዶውን ሲዞር የጠራ እንደ ሆነ ግን ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ወጣቱ መካኒክ የደከመለት ያ ጥሩ ድምፅ ይኸው ነበር። ልኩ በተገኘ ጊዜ ሽማግሌው ሞረድ አንሥተው ከቪቴው አጠገብ በሽፋኑ ላይ አንድ ጭረት አደረጉ፤ ይህ ለአዲስ አበባ ነው። ከዚያም የዙር ስምንተኛ ያህል ከፈት አድርገው ሁለተኛ ጭረት አደረጉ፤ ይኸኛው ለቈላ ነው። ካቻቢቴውንም ለአጎታችን ሰጥተው፣ «ጭረቱ መነሻህ ነው፤ ዳኛህ ካንዴላው ነው፤ አንድ ቀን ሠርተህ ንቀለውና ቀለሙን እይ» አሉት። ሦስት ጊዜ እሱ ራሱ እየዘጋ እንዲከፍት አደረጉት። ሳያስተምሩት ክፍያውን አልተቀበሉም።

ከመካከላችን አንዱ በዚህ ጊዜ ወጣቱን መካኒክ ማማት ጀመረ። ሽማግሌው አቋረጡት። «ልጁን ተወው። ለአዲስ አበባ ልክ አድርጎ ሠርቷል። ሞተሩን ጠየቀ፤ ሰውየውን አልጠየቀም፤ ይኸው ነው» አሉ።

አጎታችን በሳምንቱ ከአሚባራ ደወለ። ቪቴውን ወደ ሁለተኛው ጭረት አምጥቶ፣ አንድ ቀን ሠርቶ ካንዴላውን ቢነቅለው ቡናማ ሆኖ አግኝቶታል። ፕሮሶፒስ ከመሬት በላይ ከተቈረጠ መልሶ ስለሚያቆጠቍጥ ሥሩ ድረስ መቈፈር ያስፈልጋል፤ አፈሩም ሰንሰለቱን ያደነዝዘዋል፣ የአየሩን ፊልትሮም ይደፍናል። ስለዚህ ሥራው ቀላል አይደለም። የአንድ ወር ገቢም ቀርቶበታል። ይሁን እንጂ ቀብዱ አልተመለሰም፤ ልጆቹም ከትምህርት አልቀሩም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛውን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ በዚሁ በልደታ ክፍለ ከተማ ተግባረ እድ የብዙ ትውልድ ልጆችን የእጅ ሙያ አስተምሯል። ስድቡ በአብዛኛው ቀርቶ ይሆናል። መናቅ ግን ሌላም መልክ አለው፤ እሱም አለመጠየቅ ነው። እኛ ስለ ሥራ ክቡርነት ድርሰት እንጽፋለን፤ በመንገዳችን ላይ ያለውን የቆርቆሮ ቤት ግን ከአንዱ መኝታ ቤታችን እንደማይርቅ እያወቅን፣ መጋዝ ይዘን እስክንሄድ ድረስ ገብተን ምንም ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ተደርጎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ላከ። ከእነዚያ ታላላቆቻችን ብዙዎቹ የሄዱት በቅን ልብ ነው። እኛም ነገ ተመርቀን መምህር፣ ዳኛ፣ የወረዳ ሠራተኛ ሆነን በየአቅጣጫው እንበተናለን። ትምህርታችን የተስተካከለው በአዲስ አበባ አየር ነው። እዚህ ስንናገር ድምፃችን ይጠራል፤ በክርክር ጉባኤም ጭብጨባ እናገኛለን። ነገር ግን በስስ አየር የተስተካከለ ሞተር በከባዱ አየር ውስጥ ምን እንደሚሆን አይተናል፤ ከመንከሱ በፊት ባለው ሰዓት ይበልጥ ጥሩ ሆኖ መሰማቱንም አይተናል።

አዲስ አበባ መማር ጥፋት ነው አንልም፤ ሽማግሌው ለደጋውም ጭረት አድርገዋልና። የምንለው ሁለተኛውም ጭረት ይኑረን ነው። ይኸውም በሄድንበት አገር ሰውን ጠይቀን የምናስተካክለው፣ የሥራችንንም ፍሬ እንደ ካንዴላ ነቅለን ቀለሙን የምናይበት ትዕግሥት ነው። በመጪው ሐምሌ የምትመረቁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ የሥራ ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ብዙ ሰው ደመወዙ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃችኋል። እናንተ ግን አስቀድማችሁ የሽማግሌውን ጥያቄ ጠይቁ፤ የሚሠራው የት ነው?